በግራሩና በፕሮሶፒሱ መካከል፦ ለወይዘሮ ወለተማርያም ታፈሰ

እንደምን ዋላችሁ።

ዶክተር ኢማድ የአፈር ላቦራቶሪያችን ዳይሬክተር ናቸውና ስለ ወይዘሮ ወለተማርያም ጡረታ መባል ያለበትን ሁሉ በፈረንሳይኛ ብለዋል። እኔ ግን በአማርኛ ልናገር ብዬ አስፈቅጃለሁ። የእትዬ ወለተማርያም እህቶች፣ የእህቶቻቸው ልጆችና የማኅበራቸው ሰዎች ከአርሂባና ከካርቲየ 2 ሰፈር መጥተው ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ "ወለተማርያም ግን እዚያ ቤት ምንድን ነው የምትሠራው?" ሲሉ ኖረዋል። ዛሬ ሰምተው ይሂዱ። አማርኛ ለማይሰሙት ሰብሪና ትተረጉምላቸዋለች። ሰብሪና፣ ስለ አንቺ የማወራበት ቦታ ስደርስ መዝለል አይቻልም፤ ጋሽ ዘከሪያ አማርኛ ስለሚያውቁ ይቆጣጠሩሻል።

ለማታውቁኝ በእምነት እባላለሁ። የአፈር ተመራማሪ ነኝ። ከእትዬ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።

እሳቸው እዚህ ላቦራቶሪ የተቀጠሩ ዕለት እኔ ጡጦ እጠባ ነበር፤ ስለዚህ የማወራው ከጋሽ ዘከሪያ የሰማሁትን ነው። ጋሽ ዘከሪያ ያኔም የዚህ ቤት ሾፌር ነበሩ። እትዬ የምድር ባቡሩ የአቶ ታፈሰ ልጅ ናቸው፤ እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው ያደጉ። በሃያ አራት ዓመታቸው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በመጀመሪያው ቀን እዚህ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ተመራማሪ "ክፍሉን አጽጂልኝ" ብሏቸው ወጣ። እትዬ ገቡ። አርባ ሁለት የብረት ትሪ ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተደርድሮ አገኙ። በየትሪው ላይ ደግሞ አፈር። የተማረ ሰው እንዲህ ዝርክርክ ይሆናል ብለው አስበው አያውቁም ነበርና አዘኑለት። እጅጌያቸውን ሰብስበው አርባ ሁለቱንም ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ደፉ። ትሪዎቹን በሳሙና ፈትገው፣ ፊት እስኪያሳዩ አብርተው፣ በየመጠናቸው ደረደሯቸው።

ያ አፈር የሦስት ሳምንት ጉዞ ውጤት ነበር። ከሰሜን እስከ ደቡብ በመኪና እየተዞረ፣ በፀሐይ ሐሩር እየተለፋ የተለቀመ ናሙና።

ጋሽ ዘከሪያ እንደሚሉት ሰውዬው ሲመለስ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ ከዚያ ወንበር ፈለገ። "አፈሩስ?" ብሎ ሲጠይቃቸው እትዬ በኩራት "አይዞህ፣ ቅንጣት አልቀረም" አሉት።

ሰውዬው አላባረራቸውም። ወደ ኒሙ ሥር ወስዶ ክምሩን አሳያቸውና እያንዳንዱ ትሪ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ሳይቀላቀል መቀመጥ እንዳለበት አስረዳቸው። እትዬ ያን ክምር ቆመው አዩት። የቱ ከየት እንደመጣ ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ገባቸው። ከአራት ቀን በኋላ ተመራማሪው እንደገና ሊለቅም ሲነሣ መኪናው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። "የደፋሁት እኔ ነኝ፤ የምሸከመውም እኔ ነኝ" አሉ። በዚያው ገቡ። በዓመቱ ወንፊቱን ያዙ፣ በሁለተኛው ዓመት ሚዛኑን ያዙ፣ ከሥራ በኋላ እየተማሩ የቴክኒሻንነት ወረቀታቸውን አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት የገባ አፈር በሙሉ በእጃቸው አልፏል።

አንድ ነገር ረስቼ። የሰውዬው ስም ዤራር ነበር። እትዬ ግን አምስት ወር ሙሉ "ሙሴ ግራር" እያሉ ሲጠሩት ከረሙ። ግራር ማለት እሱ ራሱ የሚያጠናው ዛፍ ስም መሆኑን የነገሩት ቀን "እንግዲያው እንዳታርሙት" አለ ይባላል።

አብረናቸው የሠራን ሁሉ የምናውቃቸው ጠባዮች አሉ። እትዬ ናሙና ላይ በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ በእርሳስ ነው። የዚህን ከተማ ሙቀትና የእጃችንን ላብ እስክሪብቶ አይችለውም። ደግሞ አንዱን ወረቀት ከከረጢቱ ውጭ፣ አንዱን ከውስጥ። እኔ ሥራ በገባሁ ሰሞን "ሁለት ለምን?" ብዬ ጠይቄ የሰጡኝን እይታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጋሽ ዘከሪያ ደግሞ መኪና እየነዱ "ዘከሪያ፣ እስቲ ቁም" ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ምንም በሌለበት ሜዳ። እትዬ ይወርዳሉ፣ ዝቅ ይላሉ፣ አፈር ያነሣሉ፣ ያሸታሉ፣ በጣታቸው ያሻሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። "ምንድን ነው?" ሲባሉ "ምንም፤ ሰላም ልበለው ብዬ ነው።"

ሰብሪና፣ ደረስኩ። ሰብሪና የኬሚስትሪ ባለሙያችን ናት፤ ጎበዝ ባለሙያ። አንድ ቀን ግን ሳምቡሳዋን ናሙና ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ አሞቀች። እትዬ አገኙት። አልተቆጡም። አወጡት፣ መዘኑት፣ በእርሳስ ጽፈው ለጠፉበት፦ "ናሙና ቁጥር ዜሮ። ቅባት ከፍተኛ። እርጥበት መካከለኛ። ለእርሻ አይመከርም።" ወረቀቱ አሁንም የሰብሪና ጠረጴዛ ላይ አለ።

ትርሲት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከነገ ጀምሮ የእትዬን ቦታ የምትይዘው እሷ ናት። በመጀመሪያው ሳምንቷ ምሳ ይዛ መጥታ፣ አስተዳደጓ ነውና፣ "አፈር ስሆን፣ እትዬ፣ ትንሽ ይቅመሱልኝ" አለቻቸው። እትዬ ቀና ብለው አዩዋትና "የትኛው አፈር? አሸዋማው ነሽ ሸክላማው?" አሏት። ልጅቱ ደንግጣ "የፈለጉት" አለች። "እንግዲያው ደለል ሁኚልኝ፣ ደለል ይሻላል" ብለው በሉላት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለቻቸው። "ከየት አመጣኸው?" ናሙና ይዘህ ስትገባ ደህና ዋልክ ከማለታቸው በፊት "ከየት አመጣኸው?" ይላሉ። ካርቲየ 7 ቢስ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥላቸው ሴት ሳትቀር ታውቃታለች፤ ገና ከሩቅ ሲመጡ ስታይ የቲማቲሙን አገር ጮክ ብላ ትናገራለች።

አሁን ቀልዱን ልተው። ስለዚህች ጥያቄ ማንም በአደባባይ ተናግሮት የማያውቅ አንድ ታሪክ አለኝ። የማልኮራበት ስለሆነ ነው ሳልናገረው የቆየሁት።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ከከተማው ወደ ምዕራብ ዳዳሌ የምትባል የአፋር መንደር አለች፤ ደረቅ ወንዝ ዳር። ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ ይፈሳል፤ ሌላውን ጊዜ አሸዋና ደለል ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ ያለ ግራር ነበረ፣ ያ እንደ ዣንጥላ የተዘረጋው። ከዚያ ፕሮሶፒስ መጣ። ፕሮሶፒስ የዚህ አገር ዛፍ አይደለም። ከሩቅ አገር አምጥተው ለጥላና ለአሸዋ መከላከያ ብለው የተከሉት ነው፤ ፍየል ፍሬውን በልታ በሄደችበት ሁሉ ዘራችው። አሁን በየወንዙ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ በእሾህ ታጥሮ ቆሟል።

አንድ የልማት ፕሮጀክት ታዲያ ይህንኑ ፕሮሶፒስ በሌሎች ሁለት ወንዞች ዳር ሊተክለው አሰበ። አሸዋ ይይዛል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ውሃ አጣሁ አይልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራቸው፦ አፈሩንስ ምን ያደርገዋል? ጥያቄው ወደኛ መጣ። ዶክተር ኢማድ ለእኔ ሰጡኝ። በራሴ ስም የምሠራው የመጀመሪያ ትልቅ ጥናት ነበር።

ዳዳሌ ሄድኩ። ሠላሳ ናሙና ከፕሮሶፒስ ሥር፣ ሠላሳ ከግራር ሥር ለቀምኩ። በእርሳስ ጻፍኩ፤ ሁለት ሁለት ወረቀት አደረግሁ። እትዬ አደረቁት፣ ነፉት፣ መዘኑት፣ አንድ በአንድ ለኩት። ውጤቱ ሲመጣ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከፕሮሶፒስ ሥር ያለው አፈር ናይትሮጂኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ብስባሹም የበለጠ። የተጠላው ዛፍ አፈር ያለማል ማለት ነው። በሁለት ቀን ሪፖርቱን ጻፍኩ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር "ፕሮሶፒስ ከአገር በቀሉ ግራር ይልቅ አፈርን ያሻሽላል" ይላል። ዶክተር ኢማድ በሚቀጥለው እሑድ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀናችን፣ ለፕሮጀክቱ ሰዎች ሊያቀርቡት ነው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ደብተራቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጡ።

"ቁጥሩ ልክ ነው" አሉ፤ "የሠራሁት እኔ ነኝ። አፈሩን ግን ከየት ከየት አመጣኸው?"

አስረዳኋቸው። የፕሮሶፒሱን ከወንዙ ዳር፣ ጥቅጥቅ ካለበት ደለል ላይ። የግራሩን ደግሞ ከላይ ከድንጋያማው ተዳፋት፤ ታች ግራር እንደልብ አልነበረምና።

ደብተራቸውን ዘግተው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ አንተ ዛፍን ከዛፍ ጋር አላወዳደርክም። ወንዝን ከተራራ ጋር ነው ያወዳደርከው። ያ ደለል ፕሮሶፒሱ ሳይመጣም ለም የነበረ ቢሆንስ? ዛፉ ለም ቦታ መርጦ ተቀምጦ ቢሆንስ?"

አሁን ሳስበው ቀላል ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ያን ዕለት ግን ደሜ ፈላ። የማስተርስ ዲግሪ አለኝ። ሪፖርቱ ተጽፏል። እሑድ ደግሞ ሰዎቹ ይመጣሉ። እዚያው ሰብሪናም ሌሎችም በተቀመጡበት "እትዬ፣ የእርስዎ ሥራ መመዘን ነው፤ ማመዛዘኑን ለእኛ ይተዉት" አልኳቸው።

እሳቸው ፊታቸው አልተለወጠም። ደብተሩን ከፈቱ፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ወረቀት አወጡ። "ቁጥሮቹ ላይ እፈርማለሁ" አሉ፤ "ዓረፍተ ነገሩ ላይ አልፈርምም።" ቁጥሮቹ ላይ ፈረሙ። ሪፖርቱን ሳይፈርሙበት ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ወደ ወንፊታቸው ተመለሱ።

አልከሰሱኝም። ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዶክተር ኢማድ ግን ሪፖርቱን ሲያገላብጡ ናሙናውን የለካው ሰው ፊርማ መጉደሉን አዩና ጠሩኝ። የሆነውን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ስልክ አንሥተው የእሑዱን ስብሰባ ሰረዙ። "ከወይዘሮ ወለተማርያም ጋር ዳዳሌ ሂድ" አሉኝ፤ "እሳቸው ከሚሉህ ቦታ ልቀም።" የዚያን ቀን የተሰማኝን አልደብቃችሁም። አፈርኩ። ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ መሳሳቴ ሳይሆን መታየቴ ነበር፤ ያኔ ሰው ሆኜ ገና አልበሰልኩም።

ሄድን። ጋሽ ዘከሪያ ይነዳሉ፣ እትዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከአካፋው ጋር።

ዳዳሌ ስንደርስ እትዬ ወደ ዛፎቹ አልሄዱም። ወደ ሰው ሄዱ። እዚህ የተቀመጡት አቶ ዘይድ፣ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ከዳዳሌ የመጡልን፣ የዚያን ቀን ፍየሎቻቸውን ሲያጠጡ አገኘናቸው። እትዬ በአፋርኛ ሰላም አሏቸው፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ከዚያ ነው እትዬ ይህ ዛፍ ሳይመጣ በፊት እዚህ ወንዝ ዳር ምን እንደነበረ የጠየቋቸው። አቶ ዘይድ በእጃቸው ወንዙን ከላይ እስከ ታች አሳዩን። ጎርፉ ደለሉን የሚጥለው እዚህ ነበር፤ አባታቸው ከብቶቹን የሚያሰማሩት እዚህ ነበር፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። ለም መሬታቸው ይህ ነበር። ፕሮሶፒሱ የመጣው በኋላ ነው፤ ሲመጣም መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ለሙን መሬት ነው።

እትዬ ወደ እኔ ዞረው አላዩኝም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ የሚያስፈልገን በዚያው ደለል ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለቱ ዛፎች ነበሩ። እኔ ከዚያ በፊት ስፈልግ የሉም ብዬ ነበር። አቶ ዘይድ ግን እሾሁን እየገለጡ ወደ ውስጥ መሩን። ሰባት ግራሮች ነበሩ፤ የአባታቸው ናቸው። በየዓመቱ ከሥራቸው የሚበቅለውን የፕሮሶፒስ ችግኝ በእጃቸው እየነቀሉ ነው ያቆዩዋቸው። ሃያ ሁለት ዓመት። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አላያቸውም። ከእያንዳንዱ ግራር ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ፕሮሶፒስ አለ። አንድ ጎርፍ፣ አንድ ደለል፣ ሁለት ዛፍ።

ቆፈርን። ቆፈርኩ ልበል፤ እሳቸው ደረታቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው "ገና ነው" ይላሉ። ከላይ ከላይ ሳይሆን ወገቤ ድረስ። ሙቀቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ከግራሩ ሥር ያለው ጉድጓድ ከክንድ ሲጠልቅ እትዬ ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡ። "ጨብጠው" አሉ። ጨበጥኩት። ስለቀው እንደ ጨበጥኩት ቀረ፤ የጣቶቼ ቅርጽ ታትሞበታል። እርጥበት ነበረው። ከዚያ ወደ ፕሮሶፒሱ ጉድጓድ ወሰዱኝ። ያንኑ ጥልቀት። ጨበጥኩት። በጣቶቼ መካከል እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ከዚያች ደቂቃ የበለጠ ያስተማረኝ ትምህርት የለም።

ላቦራቶሪ ስንመለስ ቁጥሩም ይህንኑ ተናገረ። በአንድ ዓይነት ደለል ላይ ሲለካ ያ እጥፍ ያልኩት የናይትሮጂን ልዩነት ሟሟ። ከላይኛው ንብርብር ላይ ፕሮሶፒሱ ትንሽ ይበልጣል፤ እውነት ነውና ጻፍነው። ከታች ግን መሬቱን አድርቆታል። እትዬ በዚያ አልረኩም። ከሁለቱም አፈር ትሪ ላይ አድርገው፣ ኒሙ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ እኩል ውሃ እያጠጡ ጠበቁ። አፈሩ ውስጥ የተኛ የሣር ዘር ካለ ይነሣ ይሆናል አሉ። በየጠዋቱ ጎንበስ ብለው በእርሳስ ይቆጥራሉ። በሦስተኛው ሳምንት ከግራሩ አፈር ሁለት መቶ አሥራ አራት ቡቃያ ወጣ። ከፕሮሶፒሱ ዘጠኝ። ሰብሪና ቆጥራ አረጋገጠች፣ እኔም ቆጠርኩ። ዘጠኝ።

ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ጻፍኩት። ፕሮሶፒሱ በሁለቱ ወንዞች ዳር አልተተከለም።

ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። የዳዳሌ ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ "እንግዲያው ዶዘር ይምጣና ጠራርጎ ያውጣው" አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ልስማማ ነበር። እትዬ ከለከሉ። መንደሩ መካከል፣ ወንዶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ተነሥተው፣ ራቁቱን የቀረ ደለል የመጀመሪያው ጎርፍ እንደሚወስደው፣ የወሰደውን ደግሞ ማንም እንደማይመልሰው በአፋርኛ አስረዱ። በክፍል በክፍል ይቆረጥ አሉ። ከላይ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ አፈሩ ተጭሮ፣ ከአፈር በታች፣ ግንዱ ከሥሩ በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ይቆረጥ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ አይነሣ፤ መሬቱ ላይ ይነጠፍ፣ ነፋሱንና ጎርፉን ይያዝ። አንዳንዱ ሰው ተቃወመ፤ ያደክማል፣ ዓመታት ይፈጃል አለ። እትዬ "አዎ፣ ይፈጃል" ብለው ተቀመጡ። አቶ ዘይድ ተነሥተው መጀመሪያ የሚቆርጡት እሳቸው እንደሚሆኑ ተናገሩ።

ሁሉን አሸነፍን አልላችሁም። ከወንዙ ማዶ ፕሮሶፒሱ አሁንም እንደቆመ ነው፤ ፍየሎቹም ዘሩን መዝራት አልተዉም። በአቶ ዘይድ በኩል ግን በሦስተኛው የዝናብ ወቅት ከተነጠፈው ቅርንጫፍ መካከል ሣር ወጣ። እትዬና እኔ አብረን ሄደን አየነው። ጉልበት አይደርስም፤ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። የአቶ ዘይድ የልጅ ልጆች እዚያ ወንዝ ዳር ሣር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ጥቂት ተራመዱበት፤ እኛ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ሌላ አዞርን፣ ብቻቸውን ይሁኑ ብለን።

አሁን ወደ እርስዎ ልዙር፣ እትዬ።

ከዚያ ከመጀመሪያው ጉዞ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆኜ "እትዬ፣ ያን ዕለት የተናገርኩት…" ብዬ ጀምሬ ነበር። ዓይንዎን ጨፍነው አየሁና ተኝተዋል ብዬ ተውኩት። ከዓመት በኋላ ጋሽ ዘከሪያ "አልተኙም ነበር፣ በመስታወት አይቻቸዋለሁ" አሉኝ። ሳላፍር እንድቀር ብለው እንደሆነ ገባኝ። እኔም ያንን ይዤ ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። ቃሉን የተናገርኩት በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ያን ዕለት ማመዛዘን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ሥራዎን አሳነስኩ፤ እርስዎን አሳነስኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ደግሞ አመሰግናለሁ። ስለ እኔ ብቻ አይደለም። ሰብሪና ውጤት አውጥታ ከመፈረሟ በፊት ሁለት ጊዜ የምታየው ከእርስዎ ተምራ ነው። ትርሲት ባለፈው ሳምንት ሪፖርቴን መለሰችልኝ። "አራተኛው ናሙና ከየትኛው ዳር እንደሆነ አልጻፍክም" አለችኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሄጄ ጻፍኩት። ይህ ቤት ከነገ በኋላም እንደሚቆም ያወቅሁት ያኔ ነው። እህቶችዎም ይስሙ፤ ወለተማርያም ምን ስትሠራ እንደኖረች ለሚጠይቃችሁ ሁሉ፣ በዚህ ደረቅ አገር አንድ የወንዝ ዳር መሬት በተሳሳተ ዓረፍተ ነገር እንዳይጠፋ የጠበቀች ሴት ናት በሉ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን ያዙ። ውስጡ የሎሚ ጭማቂ ነው፤ ሁላችንም በአንድነት የምንጠጣው እሱን ነው።

እትዬ ወለተማርያም፣ ጉልበትዎ ይጠንክር፣ ዓይንዎ አይድከም። እንቅልፍዎ እስከ ረፋድ ይሁን፤ የሚቀሰቅስዎ ስልክ አይኑር፣ ከዳዳሌ ዝናብ ጣለ ብሎ ከሚደውለው በስተቀር። ከእህቶችዎ ጋር ረጅም ዘመን ይስጥዎ። የደከሙበት መሬት ይለምልም፤ ያስተማሯቸው ልጆች ከእርስዎ ይብለጡ።

ለወይዘሮ ወለተማርያም ታፈሰ ጤናና ዕድሜ። ሁላችሁም ተነሡ።

እርስዎ አይነሡ፣ እትዬ። ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ሥር ወንበር እያለ ቆመው ሠርተዋል። ዛሬ እኛ እንቁምልዎት፤ እርስዎ ይቀመጡ።